የዶሮ ላባ፣ የአያት ፈትልና የመስኮት ብርሃን

ከበዓል ዶሮ የሚተርፈውን ላባ ወደ ትንሽ ዓሣ መለወጥ፣ ከዚያም በእጅ ስልክ አሳምሮ ፎቶ ማንሳት፦ ከቢቸናና ከሞጣ ይዘነው የመጣነው፣ መላው ቤተሰብ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥበት የእጅ ሥራ

የፋሲካ ሌሊት እርስዎ ቤት የዶሮው ላባ የት ይሄዳል? ሥጋው አሥራ ሁለት ብልት ይወጣለታል፣ ቁሌቱ ይሸታል፣ እንቁላሉ ይቀቀላል። ላባው ግን በፌስታል ታስሮ ከቆሻሻው ጋር ይወጣል። እኛም ቤት ለዓመታት እንዲሁ ነበር። ልማዱን ያስተወን የአሥራ አራት ዓመት ልጄ ነው።

ልጄ ዐይኑን ከስልኩ የማይነቅል ልጅ ነው፤ እርስዎም ቤት እንዲህ ያለ ካለ ማብራራት አያስፈልገኝም። ከወራት በፊት አንድ ነገር ያዘው። በመንጠቆ ላይ ላባና ክር እየጠመጠሙ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ማባበያ የሚሠሩ ሰዎችን ቪዲዮ ሲያይ ይውል ጀመር። ማባበያው "ስትሪመር" ይባላል። ከዚያ "ላባው፣ ክሩ፣ መያዣው ሁሉ ከውጭ ይምጣልኝ" አለ። ዋጋውን አየሁና "አይሆንም" አልኩት። አኮረፈ። ለፋሲካ ወደ እናቴ ቤት ወደ ሞጣ ስንጓዝ ኩርፊያውም አብሮን ተሳፈረ።

የዓባይን በረሃ ወጥተን፣ ከደጀን በኋላ ታጥፈን ቢቸና አክስቴ ቤት አደርን። አክስቴ የልጁን ፊት አይታ ጠየቀችው። ነገራት። ተነሥታ ከጓዳ ከባና የተረፈ የተፈተለ የበግ ፀጉር አንድ ድውር አምጥታ ጭኑ ላይ ጣለችለት። በማግስቱ ሞጣ ስንደርስ ደግሞ እናቴ ምክንያቱን ሰምታ ሳቀች። "አንት ልጅ፣ ላባ ነው የቸገረህ? እኔን የቸገረኝ ላባ የምጥልበት ቦታ ነው" አለችው።

እንዲህ ተጀመረ። በዚያ ሳምንት በእናቴ ጠረጴዛ ላይ የተማርነውን፣ ያበላሸነውንና ያቃናነውን ጨምሬ ላካፍልዎ። የሚያስፈልግዎ ነገር ጥቂት ነው፤ ከሁሉ የሚበዛው ትዕግሥት ነው።

ስትሪመር ምንድን ነው?

በመንጠቆ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ትል ወይም ሊጥ ይሰካል። ከዚህ ሌላ በላባ፣ በፀጉርና በክር የተሠራ ማባበያ የሚጠቀሙ አሉ። አብዛኛው እንዲህ ያለ ማባበያ ውኃ ላይ የወደቀ ነፍሳትን ይመስላል። ስትሪመር ግን ነፍሳትን ሳይሆን ትንሽ ዓሣን የሚመስል ነው። ረዘም ያለ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲጎተት ላባው እየተኮማተረና እየተዘረጋ ሕይወት ያለው ይመስላል። ትልቁ ዓሣ "ትንሹን ልዋጠው" ብሎ ይመጣል።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ200 አካባቢ የኖረው ኤሊያን የተባለ የሮማ ዘመን ጸሐፊ የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ የበግ ፀጉር እየጠመጠሙ፣ ከአውራ ዶሮ ጉሮሮ ሥር የሚበቅሉ ሁለት ላባዎች እያሰሩ ዓሣ እንደሚይዙ ጽፏል። ቀይ የበግ ፀጉርና የአውራ ዶሮ ላባ! ሁለቱም ቢቸና ገበያ ላይ ጠፍተው አያውቁም።

ይህን ሥራ ለማክበር የሚያበቃ ሌላም ታሪክ አለ። አሜሪካ ውስጥ፣ በሜን ግዛት፣ ኬሪ ስቲቨንስ የምትባል ባርኔጣ ሠሪ ነበረች። ለባርኔጣ ማስጌጫ ላባ መምረጥና መስፋት ታውቅ ስለነበር ስትሪመር መሥራት ጀመረች። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1924 ራሷ በሠራችው ማባበያ 3 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ትራውት ዓሣ ያዘች፤ የአንድ ታዋቂ የአደንና የዓሣ ማጥመድ መጽሔት ውድድር ላይም ተሸለመች። "ግሬይ ጎስት" የሚባለው ስትሪመሯ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ ይሠራል። ደግሞ ይህን ሁሉ ስትሠራ መንጠቆውን በሞርሳ አታስርም ነበር፤ በጣቶቿ ብቻ ይዛ ነው። እናቴ ይህን ስነግራት አልተደነቀችም። "እንዝርትስ በምን ይያዛል?" አለች።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በላባ ማባበያ ዓሣ ማጥመድ የሚታወቀው በባሌ ተራሮች ነው። ከኬንያ የመጡ ትራውት ዓሦች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዚያ ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ተለቀቁ። ለእኛ ለጎጃሞች ግን የሚቀርበው ጣና ነው፤ ከሞጣ በአዴት በኩል ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣና ውስጥ በተለምዶ "ነጭ ዓሣ" የሚባሉት የባርበስ ዘሮች 15 ያህል ዝርያ አላቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ ሌሎች ዓሦችን እያደኑ የሚበሉ ናቸው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ ጣና ውስጥ ለብቻቸው ተለያይተው የተገኙ፣ አብዛኞቹም ሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎች ናቸው። ትንሽ ዓሣ የሚመስል ማባበያ ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ያለ አዳኝ ዓሣ ባለበት ነው። አምባዛም ቢሆን የቀረበለትን የሚንቅ አይደለም።

ከጓዳ የሚወጣ ዕቃ

ላባ። በዚህ ሥራ ዓለም የአንገትና የጀርባ ላባ በቀለሙ ተመርጦ በውድ ይሸጣል። እኛ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ዶሮን በቀለሙ እየጠራን ነው የምንገዛው፦ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዛጎልማ። በተለይ ጥቁርና ነጩ የተቀላቀለበት ገብስማ ላባ ለስትሪመር ክንፍ ተወዳዳሪ የለውም፤ ውኃ ውስጥ የዓሣ ቅርፊት መስሎ ይታያል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ዶሮው የፈላ ውኃ ከተደፋበት በኋላ ላባው ይሟሽሻል፤ ስለዚህ ከታረደ በኋላ ውኃው ከመደፋቱ በፊት የአንገቱን፣ የጀርባውንና ከሆዱ ሥር ያለውን ለስላሳ ላባ ይንቀሉ። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥበው፣ በደንብ አለቅልቀው፣ ጋዜጣ ላይ ዘርግተው ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ሲደርቅ በላስቲክ አሽገው ለሦስት ቀን ማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ውስጥ ያኑሩት፤ የብል እንቁላል ካለ እንዲሞት ነው። ከዚያ በየቀለሙ በፖስታ ይክፈሉት። ጤነኛ ሆኖ ለምግብ ከታረደ ዶሮ ላይ ብቻ ይውሰዱ፤ እጅዎንም ይታጠቡ።

ስለ ላባ ካነሣን፣ በዚህ ሙያ "ማራቡ" የሚባለው ለስላሳ ላባ ስሙን ያገኘው ከማን ይመስልዎታል? ሐዋሳ ዓሣ ገበያ ዙሪያ ራሰ በራ ሆኖ ከሚጎማለለው ከአባ ኮዳ ነው። በዱሮ ጊዜ ላባው ከእርሱ ይወሰድ ነበር፤ ዛሬ ግን በዚያ ስም የሚሸጠው የቱርክ ዶሮ ላባ ነው። እርስዎም አባ ኮዳን ይተዉት። ከዶሮው ሆድ ሥር የሚገኘው ያው ሥራ ይሠራል።

ክር። ለማሰሪያ ቀጭን የፖሊስተር የስፌት ክር ይበቃል። ለአካሉ የተፈተለ የበግ ፀጉር ወይም ጥጥ ይሆናል። ለጌጡ ከቀሚስ ጥበብ የተረፈ የሚያብረቀርቅ ክር ይፈልጉ፤ ጸሐይ ያረፈባትን የዓሣ ጎን የሚያስመስለው እርሱ ነው።

ሌላው። አንድ ቁራጭ ሰም፣ ጫፉ ስለታም የሆነ ትንሽ መቀስ፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም፣ ፒንሳ። መንጠቆ ዓሣ በሚጠመድባቸው ከተሞች፣ ለምሳሌ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም ባቱ፣ አጥማጆችን ጠይቀው ያግኙ፤ ዘንጉ ረዘም ያለውን ይምረጡ። ትንሽ ሞርሳ ካለዎት ጠረጴዛ ላይ ይሰሩት። ከሌለዎት የፒንሳውን እጀታ በላስቲክ ጠምጥመው መንጠቆውን እንዲነክስ ያድርጉና ፒንሳውን ወፍራም መጽሐፍ ሥር ያጽኑት። እኛ እንዲህ ነው የሠራነው።

አሠራሩ፣ ደረጃ በደረጃ

በመጀመሪያ ከመንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የተቀለበሰችውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቀው ያስተኟት። ጣት ላይ ቢሰካ በቀላሉ ይወጣል፤ ዓሣውን ወደ ውኃ መመለስ ቢፈልጉም ይቀላል። ከዚያ መንጠቆውን በመታጠፊያው በኩል ይሰሩት፤ ዐይኑ ወደ ቀኝ ይሁን። ግራኝ ከሆኑ ወደ ግራ።

ክሩን በሰም ይሳቡት። ከዐይኑ ጀርባ ጀምረው፣ ክሩ የራሱን ጫፍ እየረገጠ ወደ መታጠፊያው እስኪደርስ ጥቅጥቅ አድርገው ይጠምጥሙ። ይህ መሠረቱ ነው፤ መሠረቱ ከላላ ከላይ የሚመጣው ሁሉ ይሽከረከራል። ከዐይኑ ጀርባ የግማሽ ስንዴ ፍሬ ያህል ቦታ ባዶ ይተው። ይህን ቦታ አለመተው የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው፤ ልጄ አራት ጊዜ ደግሞታል።

ጭራ። ለስላሳውን ላባ ቆንጠር አድርገው መታጠፊያው ላይ ያስሩ። ርዝመቱ ከዘንጉ ርዝመት አይብለጥ።

አካል። እዚያው መታጠፊያው ላይ መጀመሪያ የሚያብረቀርቀውን ክር፣ ቀጥሎ የበግ ፀጉሩን ያስሩ። ማሰሪያውን ክር ወደ ፊት ይመልሱ። የበግ ፀጉሩን ከኋላ ወደ ፊት ጠምጥመው ያስሩና ትርፉን ይቁረጡ። አሁን የሚያብረቀርቀውን በአምስት ዙር፣ ርቀቱን እኩል እያደረጉ ከላዩ ያዙሩት።

ጉሮሮ። ትንሽ ቀይ ክር ከሥር ያስሩ፤ የዓሣ ስንጥብ መስሎ ይታያል።

ክንፍ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ርዝመታቸው እኩል የሆነ አራት የአንገት ላባ ይምረጡ፤ ሁለቱን ለግራ፣ ሁለቱን ለቀኝ። የሆድ ለሆድ ገጥመው ከሥራቸው ያለውን ጉድፍ ይንጩና ከአካሉ በላይ ያስቀምጧቸው። ጫፋቸው እስከ ጭራው መጨረሻ ይድረስ። መጀመሪያ ሁለት ላላ ያለ ዙር፣ ከዚያ ወደ ታች ጠበቅ። በአንድ ጊዜ ካጠበቁት ላባው ይጣመማል።

ራስ። በክሩ ትንሽ ሾጠጥ ያለ ራስ ሠርተው በአራት ቋጠሮ ይዝጉ። የጥፍር ቀለሙን ሁለት ጊዜ ይቀቡና ይድረቅ።

የመጀመሪያው ሥራችን ከዝናብ የወጣች ጫጩት ይመስል ነበር። ሁለተኛው ራስ አልነበረውም። አምስተኛው ላይ ልጄ ዝም አለ። የተለመደው የኩርፊያ ዝምታ አልነበረም፤ ሥራ የያዘ ሰው ዝምታ ነበር። ስልኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ቆየ።

ስለ ጥንቃቄ አንድ ቃል። ሥራ ሲጀምሩ መንጠቆዎቹን ይቁጠሩ፤ ሲጨርሱም ይቁጠሩ። ማግኔት ካለ ወለሉን ይፈትሹ። ትንንሽ ልጆች ላባ ይምረጡ፣ ቀለም ይለዩ፣ ክር ይያዙ እንጂ መንጠቆ አይንኩ። መነጽር ያለው መነጽሩን ያድርግ።

ወንዝ ከመውረድዎ በፊት

ጎረቤት የሆነ አንድ ጎልማሳ ልጃችንን ሲያይ ስለ ብርብራ አጫወተው። የብርብራ ፍሬ ተፈጭቶ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል የዓሣን አተነፋፈስ የሚያውክ ንጥረ ነገር አለ። የሚያሳዝነው ግን ትልቁንም ትንሹንም፣ የሚበላውንም የማይበላውንም አብሮ መጨረሱ ነው። ልጄ እጁ ላይ ያለውን ላባ እያየ "በዚህ ግን አንድ አንድ ነው የሚያዘው" አለ። እውነቱን ነው።

ከጣና ነጭ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምቱና በመስከረም፣ በጥቅምት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። በዚያ ጊዜ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ከተዘረጋ የሚያዘው የሚቀጥለው ዓመት ዓሣ ነው፤ ቁጥራቸው ክፉኛ የቀነሰበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ቤተሰብዎን ይዘው ለማጥመድ ካሰቡ ያን ወቅት ይለፉት፤ የአካባቢውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ይሂዱ። የሚበሉትን ያህል ይያዙ፤ ትንሹን ይመልሱ።

እኛ እስካሁን አንድም ዓሣ አልያዝንም። ግን ነገሩ ከዓሣው በፊት ሌላ ነገር ሰጥቶናል። ወደ ፎቶው እንለፍ።

ጥሩ ፎቶ፣ ያለ ስቱዲዮ

ልጄ የመጀመሪያውን ፎቶ ያነሣው ማታ፣ አምፖል ሥር፣ በፍላሽ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላስቲክ ላይ ነው። ላባው ነጭ ብልጭታ፣ የጠረጴዛው አበባ ደግሞ ከዓሣችን በላይ ጎልቶ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ግን ምስጢሩን አገኘነው። የሚከተለው ለስትሪመር ብቻ አይደለም፤ ለጆሮ ጌጥ፣ ለጥልፍ፣ ለእናትዎ ሰፌድ፣ በቴሌግራም ለሚሸጡት ማንኛውም የእጅ ሥራ ይሠራል።

መብራቱን ያጥፉ፣ መስኮቱን ይጠቀሙ። የአምፖልና የሰማይ ብርሃን ሲደባለቁ አንዱ ጎን ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል። ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ጸሐይ በቀጥታ የማይገባበትን መስኮት ይምረጡ። የሚገባበት ብቻ ከሆነ ስስ ነጭ ነጠላ ይጋርዱበት። እንደ ሞጣ ባለ ደጋ ጸሐይዋ ብርቱ ናት፤ ነጠላው ብርሃኑን አለስልሶ ያካፍለዋል። ትልልቅ ስቱዲዮዎች በነጭ ጨርቅ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ደግሞም መብራት በመጥፋቱ የሚቋረጥ ሥራ አይደለም።

ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። መስኮቱ ከዕቃው ጎንና ትንሽ ወደ ኋላ ሲሆን ብርሃኑ በላባው ውስጥ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ጭረት ይታያል። ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ግን ላባን እንደ ካርቶን ያደርገዋል። ከመስኮቱ ትይዩ ነጭ ወረቀት ወይም የምግብ ፎይል ያቁሙ፤ ጥላ የዋጠውን ጎን ያበራልዎታል።

ጀርባውን ያጽዱ። አንድ ነጭ ወይም ግራጫ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፈው ጠረጴዛው ድረስ ሳይታጠፍ በለስላሳው ይልቀቁት። መስመር አይኑረው። ነጭ ላባ ከሆነ ጀርባው ጠቆር ይበል፤ ጥቁር ከሆነ ፈካ ይበል። ዕቃውን ከወረቀቱ አንድ ክንድ ያህል ያርቁት፤ ጀርባው ይደበዝዛል፣ ዕቃው ይጎላል። መንጠቆውን ላጲስ ላይ መሰካት ወይም ሞርሳው ላይ እንዳለ ማንሳት ይቻላል።

የስልኩን መስታወት ይጥረጉ። ይህ ቀላል ነገር የስንቱን ፎቶ እንዳበላሸ! በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠረግ ያድርጉት።

አይጠጉ። ብዙ ሰው ትንሽ ነገር ሲያነሣ ስልኩን ያስነካል። ያኔ ቅርጹ ይዛባል፤ የስልኩ ጥላም ያርፍበታል። አንድ ስንዝር ያህል ርቀው ሁለት እጥፍ አቅርበው ያንሱ። ስልኩ ከዕቃው ጎን ጋር ትይዩ ይሁን፤ ዘንበል ካለ ራሱ ሲጠራ ጭራው ይደበዝዛል።

ትኩረቱን ይቆልፉ። ስክሪኑ ላይ የስትሪመሩን ራስ በጣትዎ ተጭነው ያቆዩ፤ ትኩረቱ ይቆለፋል። ከዚያ ጣትዎን ትንሽ ወደ ታች ሳብ ቢያደርጉ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ የነጩ ላባ ዝርዝር ይመለሳል። ስልኩን መጻሕፍት ላይ ደግፈው የሦስት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ይሙሉለት። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ መጽሐፍ አይንቀጠቀጥም።

በውኃ ውስጥም ያንሱ። ስትሪመር የሚሠራው ለውኃ ነው፤ ደረቁን ብቻ ማሳየት ግማሽ ታሪክ ነው። ጥርት ያለ የመስታወት ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ውኃ ሞልተው አረፋው እስኪጠፋ ይጠብቁ። ስትሪመሩን በክር አንጠልጥለው ያስገቡትና መስኮቱ ከጎን ሆኖ ያንሱት። ቀስ ብለው ክሩን ሲስቡት አጭር ቪዲዮ ይቅረጹ። ልጆቹ የሚጮኹት እዚህ ላይ ነው፤ ላባው ይዋኛል!

መዝግቡ። እያንዳንዱን ፎቶ "ገብስማ፣ የፋሲካ፣ የአክስቴ ፈትል" ብለው ይሰይሙት። የማን ዶሮ እንደነበር፣ ክሩን ማን እንደፈተለ፣ ማን እንዳሰረው ይጻፉ። ጥሩዎቹን አሳትመው አልበም ውስጥ ያስገቡ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል።

ፎቶ ለምን ይነሣል?

ሞጣ ያደግን ሰዎች ሰባራ ድልድይን እናውቃለን። በዐፄ ፋሲል ዘመን ዓባይ ላይ የተሠራው ያ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት ሆን ተብሎ መሀሉ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከወዲያና ከወዲህ እየተሳበ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሲያገላብጥ የዚያን የገመድ መሻገሪያ ፎቶ አየ። አላስችል አለው። ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቁሞ በማግስቱ ዓመት መጥቶ ከአካባቢው ሰው ጋር ጠገነው። በኋላ ጎርፍ ሲያፈርሰው ደግሞ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ያ ሰው ከዚያ በፊት ሞጣ የት እንዳለች እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም። ፎቶ ማለት እንዲህ ነው፤ ማየት ያልቻለውን ሰው ያሳያል።

ይህን ያስታወሰኝ የመጨረሻው ቀን ነው። ማሰሪያውን ክር በሰም ስትስብልን፣ ለጉሮሮው የሚሆነውን ጥጥ ስትፈትልልን የሰነበተችው እናቴ፣ ልጁ ያለቀለትን ስትሪመር መዳፏ ላይ ሲያኖርላት "ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" ብላ መለሰችለት። እኔ ግን እንዳላየችው ገባኝ። ዐይኗ ደክሟል። ፈትሉን የምትሠራው በጣቷ ነው እንጂ በዐይኗ አይደለም። የጣት ጥፍር የሚያህል ነገር ደግሞ ለእርሷ ጭጋግ ነው።

ልጁም ገባው መሰለኝ። ስልኩን አመጣ። በጠዋቱ የመስኮት ብርሃን ያነሣውን ፎቶ ከፍቶ፣ ስክሪኑን እስኪሞላ አስፍቶ፣ "እምዬ፣ እስቲ እዚህ ጋ እይው" አላት። ጠጋ አለች። ራቅ አለች። ገብስማው ላባ፣ የአክስቴ የበግ ፀጉር፣ የሚያብረቀርቀው አምስት ዙር። ጉሮሮው ላይ ስትደርስ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

"ይኼ የእኔ ፈትል ነው?"

"የአንቺ ነው።"

"እንዴት ቀጥ ብሎ ተጠምዝዟል በል!" አለችና ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ፎቶ ማየት የጀመረችው እርሷ ናት። ስልኩን ከእጁ መልሶ ለመውሰድ እራት እስኪቀርብ መጠበቅ ነበረበት።

ስለዚህ በሚቀጥለው በዓል ዶሮው ላይ ውኃ ከመደፋቱ በፊት ልጆችዎን ጠርተው ላባ ያስመርጧቸው። የመጀመሪያው ጫጩት ይመስላል፤ አይዘኑ። አምስተኛውን መስኮት አጠገብ ያስቀምጡና በደንብ ያንሱት። ሲጨርሱ ፎቶውን መጀመሪያ የሚያሳዩት ለማን እንደሆነ ያስቡ። ምናልባት ክሩን ፈትላ ያላየችው ሰው እዚያው ጓዳ ውስጥ ትሆናለች።